እርጎ፣ ፕሮባዮቲክ እና አለርጂ፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመስቀል በኋላ ይጀምራል። ሣሩ ያብባል፣ አጨዳው ይከተላል፣ ከዚያ ውቂያው ይመጣና የገለባው ብናኝ ከተማ ድረስ ይገባል። እኔ የምውለው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ነው። በዚያ ሰሞን ዓይኑን እያሸ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። "ሳይነሴ ተነሳብኝ" ይላል አንዱ። ሌላዋ የልጇን ክርን ገልጣ ችፌውን ታሳየኛለች። መድኃኒቱን ተቀብለው ከወጡ በኋላ በር ላይ ቆም ይሉና አንዲት ጥያቄ ይጨምራሉ፦ "እርጎ ለአለርጂ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?" ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ "ፕሮባዮቲክ አላችሁ?" የሚሉ በዝተዋል።

የሚጠይቁኝን ሰብስቤ ይኸው መለስኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮባዮቲክ ምንድን ነው? እርጎ ማለት ነው?

በትክክል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 ትርጉም ሰጥተውታል። ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ፣ በሕይወት ያሉ ደቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሦስት ነገር ልብ በሉ። በሕይወት ያሉ። በበቂ መጠን። ጥቅማቸው የታየ።

እርጎ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ ሞልቷል። ላክቶባሲለስ አለ፣ ላክቶኮከስ አለ፣ ሉኮኖስቶክ አለ። ግን የትኛው ዝርያ፣ ምን ያህል የሚለውን ማንም ቆጥሮ አልሰጣችሁም። የእናንተ ቅል ያረጋው እርጎ ከጎረቤታችሁ እርጎ ጋር በባክቴሪያ አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እርጎን ባክቴሪያ ያለበት ጥሩ ምግብ ማለት ይሻላል። ፕሮባዮቲክ የሚለው ስም ተመርምሮ ለታወቀ ዝርያ ነው።

የእርጎን ነገር ወደ ሳይንስ ያመጣው ኤሊ ሜችኒኮቭ የሚባል፣ በያኔው የሩሲያ ግዛት፣ ዛሬ ዩክሬን በሆነው ቦታ የተወለደ ተመራማሪ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ የሚረዝመው በእርጎ ነው ብሎ ያምን ነበር። ልብ በሉ፣ ያሳሰበው እርጅና ነበር። አለርጂ የሚለው ቃል ራሱ የተፈጠረው በ1906 ነው፤ ያኔ ገና ሕፃን ቃል ነበር።

ሆዴ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ከአፍንጫዬ ጋር ምን አገናኘው?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ትንሽ ታገሱኝ።

ሰው ሳያይ ታስሮ ያደገ ውሻ ታውቃላችሁ? ሌባ ሲመጣ መንከሱ ደግ ነው። ጣጣው፣ ጠበል ሊረጩ የመጡትን የነፍስ አባትም ይነክሳል። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነትም እንደዚሁ ነው። የሣር አበባ ብናኝ፣ የድመት ፀጉር፣ የወተት ፕሮቲን በራሳቸው መርዝ አይደሉም። ሰውነት ነው ጠላት ያደረጋቸው።

እንዴት? በመጀመሪያው ትውውቅ ሰውነት ለዚያ ነገር ብቻ የሚሆን አይ ጂ ኢ የሚባል አንቲቦዲ ይሠራል። አንቲቦዲው ሄዶ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ይለጠፋል። እነዚህ ሕዋሳት አፍንጫ፣ ዓይን፣ ሳንባ፣ ቆዳና አንጀት ውስጥ ሂስታሚን ተሸክመው ይጠብቃሉ። ብናኙ ተመልሶ ሲመጣ ሂስታሚኑን ይዘረግፉታል። ያኔ ማስነጠስ፣ ማሳከክ፣ የዓይን ዕንባ፣ የትንፋሽ ማጠር ይከተላል። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሚያደርጉት ይህንኑ ሂስታሚን መመከት ነው።

አሁን ወደ አንጀት እንውረድ። ከሰውነታችን የመከላከያ ሕዋሳት ትልቁ ክፍል ያለው አንጀት ዙሪያ ነው። አይገርምም፤ ባዕድ ነገር በየቀኑ በገፍ የሚገባው በዚያ ነው። ሕዋሳቱ "ይሄ ምግብ ነው፣ ተወው"፣ "ይሄ ተውሳክ ነው፣ ያዘው" ማለትን የሚለማመዱት ከባክቴሪያዎቹ ጋር አብረው እየኖሩ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች እኛ መፍጨት ያቃተንን ፋይበር ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። ቡቲሬት ቲ ሬግ የሚባሉ አረጋጊ ሕዋሳት እንዲበዙ ያግዛል። አረጋጊዎቹ ደግሞ ኢንተርሊዩኪን 10 በመሰሉ መልእክቶች አይ ጂ ኢ የሚያሠሩትን ቲ ኤች 2 የተባሉ ሕዋሳት "ረጋ በሉ" ይሏቸዋል። ሕዋሳቱም መልእክቱም በደም ይዘዋወራሉ። አንጀት ላይ የተለመደው ጠባይ አፍንጫና ቆዳ ድረስ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

ውሻ ግን እንግዳ የሚለምደው በቡችላነቱ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

የገጠር ልጅ አለርጂ አይዘውም ይባላል። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት አለው። በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባለ እንግሊዛዊ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ አይቶ አንድ ነገር አስተዋለ። ብዙ ወንድምና እህት ያላቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂ እምብዛም አይያዙም ነበር። ከላይ ብዙ ታላላቅ ሲኖር ልጁ ብዙ ጀርም ያገኛል፤ ያም ይጠቅመዋል የሚል ሐሳብ አመጣ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1997 የታተመ የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ውስጥ እንደሚበዛ አሳይቷል። ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን በ2016 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነው። አሚሽና ሃተራይት የሚባሉ ሁለት ገበሬ ማኅበረሰቦች አሉ። በዘር ይቀራረባሉ፣ አመጋገባቸውም ይመሳሰላል። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፤ ልጆቻቸው በረት ውስጥ ይውላሉ። ሃተራይቶች በትልልቅ ማሽን ያርሳሉ፤ ልጆቻቸው ከከብቱ ይርቃሉ። አስም በአሚሽ ልጆች ላይ በአራት እጥፍ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከአሚሽ ቤት የተጠረገ አቧራ ለአይጦች ሲሰጥ እንኳ አይጦቹን ከአስም መሰል ሕመም ጠበቃቸው።

የጮቄን ተዳፋት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ቤት እዚያ ብርቅ አይደለም። ግን ልብ በሉ። የሚጠብቀው ከብቱ፣ አፈሩ፣ የልጆቹ ብዛት፣ ምግቡ፣ አንድ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ባክቴሪያውን ብቻ መዝዞ እንክብል ውስጥ መክተት ቀላል አልሆነም። የገጠሩ ቤት ጢስም አለ፤ እሱ አስምን ያባብሳል እንጂ አይጠብቅም።

ታዲያ የሆድ ትልም ይጠቅማል ሲሉ ሰምቻለሁ?

እዚያው ጅማ በተሠራ ሌላ ጥናት መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ እምብዛም አልነበረባቸውም። ይህ ለተመራማሪ ፍንጭ ነው። ለእናንተ ምክር አይደለም። መንጠቆ ትል ደም መጣጭ ነው። የልጆቹን የትል መድኃኒት ስጧቸው።

ፕሮባዮቲክ ልጅን ከአለርጂ እንደሚከላከል በጥናት ታይቷል?

ታይቷል፤ አልታየምም። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ2001 ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ ውስጥ የተሠራ ጥናት ታተመ። 159 ነፍሰ ጡሮች ገቡበት፤ ሁሉም በቤተሰባቸው ችፌ፣ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው ናቸው። ግማሾቹ ኤል ጂ ጂ የሚባል ባክቴሪያ ወሰዱ። ከመውለዳቸው ሁለት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብለው ጀመሩ፤ ከወለዱ በኋላም ለስድስት ወር ቀጠለ። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ባክቴሪያውን ካገኙት ልጆች 23 በመቶው ችፌ ወጣባቸው። ካላገኙት 46 በመቶው። በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ዓለም ጉድ አለ።

ከዚያስ? በ2008 ጀርመኖች ያንኑ ባክቴሪያ በተመሳሳይ መንገድ ሞከሩት። ልዩነት አጡበት። በዚያው ዓመት ኒውዚላንዶች ሁለት ባክቴሪያ ጎን ለጎን ፈተኑ። ኤች ኤን 001 የተባለው ላክቶባሲለስ ችፌን በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ኤች ኤን 019 የተባለው ቢፊዶባክቴሪየም ምንም አላደረገም። ከዚህ የምንማረው ዝርያ ወሳኝ መሆኑን ነው። "ላክቶባሲለስ አለበት" ማለት "ጎጃሜ ነው" እንደማለት ነው። የትኛው ጎጃሜ?

የዓለም አለርጂ ድርጅት በ2015 ነገሩን መርምሮ ለዘብ ያለ ምክር ሰጠ። በቤተሰብ አለርጂ ካለ፣ ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋ እናት፣ ሕፃኑም፣ ፕሮባዮቲክ ቢወስዱ ችፌን ለመከላከል ሊጠቅም ይችላል አለ። ማስረጃው ግን በጣም ደካማ እንደሆነ በዚያው ጽሑፍ ላይ አስቀምጧል። ለአስምና ለምግብ አለርጂ መከላከያነት ይሆናል የሚያሰኝ አላገኘም።

ልጄ ችፌ ወጥቶባታል። አሁን ብጀምርላትስ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው የምፈራው። ቡችላው አድጓል። በ2018 ኮክሬን የተባለው የሐኪሞች ጥናት መርማሪ ቡድን 39 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። 2,599 ሰዎች ነበሩባቸው። ችፌ ከወጣ በኋላ ፕሮባዮቲክ መስጠት ማሳከኩንም ሆነ የእንቅልፍ ማጣቱን ይህን ያህል አያሻሽልም የሚል ነው ውጤቱ።

ገንዘቡን ለቅባት አውሉት። ልጅቷን ለብ ባለ ውኃ፣ ባጭር ጊዜ እጠቧት። ሽታ ያለው ሳሙና ይቅር። ውኃው ሳይደርቅ ቫዝሊን በደንብ ቀቧት፤ በቀን ሁለት ሦስቴ። ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት ካዘዘ እንደታዘዘው ተጠቀሙ። "ቆዳ ያሳሳል" ብለው ፈርተው ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከው የሚያሳድሩ ወላጆች ያሳዝኑኛል። ያለ ትእዛዝ ፊት ላይ ለወራት መቀባቱ ነው ቆዳ የሚያሳሳው።

ለ"ሳይነስ"ስ?

ሳይነስ የምንለው አብዛኛው የአፍንጫ አለርጂ ነው። አንዳንድ ጥናቶች ፕሮባዮቲክ ማስነጠሱን ትንሽ ቀነስ እንደሚያደርግ አይተዋል። ትንሽ። አንዲት እናት ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ያሉኝን አልረሳም፦ "ልጄ፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን እርጎ እየጠጣን አድገን ይኸው እናስነጥሳለን።" "እማማ፣ ልክ ነዎት" አልኳቸው። ጤፍ ሲያበራዩ አፍንጫና አፍዎን በነጠላ ይሸፍኑ ብዬ ሸኘኋቸው። ሐኪም የሚያዘው የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ ከእርጎውም ከእንክብሉም የተሻለ ይሠራል።

ለአስም?

አይሆንም። ኢንሄለራችሁን አትተዉ። ሱስ አያስይዝም።

እንጀራችን እርሾ አለበት፤ አይብ አለ፤ ጠላ አለ። እነዚህ ፕሮባዮቲክ አይደሉም?

እሳት ካየው ምን ለየው ይባላል። እዚህ ግን እሳት ያየው ይለያል። ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ምጣድ ላይ ያልቃሉ። እንጀራ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሕያው ባክቴሪያ ግን አይሰጣችሁም። አይብም አሬራው እሳት ላይ ሞቆ ስለሚወጣ አብዛኛው ባክቴሪያ ይሞታል። እሳት ያላየው አሬራ ራሱ የተሻለ ነው። ጠላ ውስጥ ሕያው እርሾ ይኖራል፤ ዳጉሳውም ጌሾውም ደስ ይላል። ግን አልኮል ነው። ለአለርጂ ብዬ ጠላ አላዝም፤ አንዳንዱ ሰው ጭራሽ ጠላ ሲጠጣ አፍንጫው ይዘጋበታል።

በጾምስ? እርጎ በማይነካበት ጊዜ ምን ይሆናል?

ከእርጎ ወይም ከእንክብል የሚመጡት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው እንግዳ ናቸው፤ ነዋሪ አይደሉም። መውሰድ ስታቆሙ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንጀት ይወጣሉ። ስለዚህ ሁዳዴ ሲገባ እነሱም ይሰናበታሉ።

ይህን ሰምታችሁ አትደንግጡ። የራሳችሁ ነዋሪ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ምግባቸው ፋይበር ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ በሶ፣ ጎመን፣ ጤፍ። ያን ቡቲሬት የምትባለውን አሲድ የሚያወጡት ይህን ሲበሉ ነው። በእኔ አስተያየት የጾም ገበታችን ለአንጀት ከፍስኩ አያንስም። ሕያው ባክቴሪያ ካስፈለገም ስልጆ አለ፤ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ በሰናፍጭ ይቦካል፤ ከቦካ በኋላ እሳት አያየውም። ሰናፍጭ ራሱ አለርጂ የሚሆንበት ሰው ግን ይጠንቀቅ።

ጥሬ ወተት ይሻላል የሚሉ አሉ። እርጎውን ከጥሬ ወተት ባደርገውስ?

ጥሬ ወተት የሚጠጡ የገበሬ ልጆች አለርጂ እንደሚያንሳቸው አውሮፓ ውስጥ ታይቷል። ነገር ግን ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባለውን ጀርምና የከብት ቲቢን ይዞ ሊመጣ ይችላል። እርጎው መኮምጠጡ ጀርም ይቀንሳል፤ ሁሉን አይገድልም። ቅሉን በወይራ ማጠንም እንዲሁ። ጭሱ ጣዕም ይሰጣል፣ አንዳንድ ጀርም ይገታል፣ መርጋቱንም ያዘገየዋል። በሽታ ያመጣል ተብሎ በሚፈራው ላይ ግን አይታመንም።

እኔ ቤት የምናደርገው ይህ ነው። ወተቱን እናፈላለን። ጣት ሲገባበት እስኪቻል ድረስ እናበርደዋለን። ከዚያ አንድ ማንኪያ እርጎ እንጨምርና ከድነን ሙቅ ቦታ እናሳድረዋለን። የመጀመሪያዋ ማንኪያ ከፓስቸራይዝድ ወተት ከተሠራ እርጎ ትሁን። ከጥሬ ወተት እርጎ ከወሰዳችሁ ወተቱን ማፍላታችሁ ከንቱ ነው፤ ጀርሙን በማንኪያ መለሳችሁት። ደብረ ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ከባሕር ዳር ይልቅ ይዘገያል፤ አትቸኩሉ።

ለአራስ ልጅ ከአሁኑ ፕሮባዮቲክ ልጀምርለት?

ከሁሉ በፊት እንገሩን አትድፉበት። ያ ቢጫው የመጀመሪያ ወተት አይ ጂ ኤ የሚባል መከላከያ ሞልቶበታል። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው ስኳር አለ። ለማን የተዘጋጀ ይመስላችኋል? ለባክቴሪያ። ቢፊዶባክቴሪየም የሚባሉትን ይመግባል፤ እነሱ ናቸው ሕፃኑ አንጀት ውስጥ የሚሰፍሩት። እናት ለልጇም ለልጇ ባክቴሪያም ታጠባለች ማለት ነው።

ስድስት ወር ጡት ብቻ። ቅቤ ማስዋጥ፣ ውኃ በስኳር፣ አብሽ፣ ሁሉም ይቅር። በኦፕራሲዮን የተወለደ ልጅ የእናቱን ባክቴሪያ በመንገዱ ስለማያገኝ አንጀቱ ውስጥ የሚሰፍሩት ለጊዜው ይለያሉ። ለእሱም የመጀመሪያው መፍትሔ ጡት ነው። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ሕፃን ግን ከሐኪም ውጭ ፕሮባዮቲክ እንዳትሰጡ። በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል፤ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ገብቶ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ወተት የማይስማማው ሰው እርጎ ይችላል?

"አይስማማኝም" ሁለት ነገር ነው። ወተት ጠጥታችሁ ሆዳችሁ ከተነፋና ካስቀመጣችሁ፣ ላክቶስ የሚባለውን ስኳር መፍጨት አቅቷችኋል ማለት ነው። ይህ አለርጂ አይደለም። የእርጎ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ የተወሰነውን ስለሚበሉት እርጎ ይሻላችኋል።

የወተት አለርጂ ግን የፕሮቲን ጉዳይ ነው፤ ካዜይንን የመሰሉት። ወተቱ ቢረጋም ፕሮቲኑ አይጠፋም። እንዲህ ዓይነት ልጅ እርጎም አይብም አይነካም። የፍየል ወተትም ፕሮቲኑ ስለሚመሳሰል አያመልጥም።

ፋርማሲ ያለውን እንክብል ልግዛ?

ልሽጥላችሁ ሥራዬ ነው፤ ግን መጀመሪያ ካርቶኑን እናገላብጠው። የዝርያው ሙሉ ስም ከነቁጥሩ አለ? የባክቴሪያው ብዛት ተጽፏል? ብዙ ጊዜ ከ1 ቢሊዮን በላይ ነው። የሚያልቅበት ቀን መቼ ነው? ፍሪጅ ይፈልግ ከሆነ መንገድ ላይ በሙቀት ቆይቶ እንደሆነ ማን ያውቃል? ከደጀን ቁልቁል ያለው የአባይ በረሃ ለባክቴሪያ አይራራም። የሞተ ባክቴሪያ በውድ መግዛት ያሳዝናል።

የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ የሰውነት መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ወይም በጠና የታመመ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ።

አንቲባዮቲክ ስወስድስ?

አንቲባዮቲክ ጥሩውንም መጥፎውንም ባክቴሪያ ያጭዳል። በሕፃንነት አንቲባዮቲክ የበዛባቸው ልጆች ላይ አስምና ችፌ በዛ ብሎ ታይቷል፤ ምክንያቱ እሱ ራሱ ይሁን አይሁን ገና ያከራክራል። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን እንድሸጥላችሁ አትለምኑኝ።

ልጄ እርጎ ቀምሶ ከንፈሩ ቢያብጥስ?

አቁሙ፤ ደግማችሁ "እንሞክረው" አትበሉ። ከንፈር ማበጥ ብቻ ከሆነም ለሐኪም አሳዩት። ትንፋሽ ካጠረው፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሰውነቱ በሽፍታ ተሸፍኖ ከዛለ ግን የቤት ነገር አይደለም። ምች ነው ብላችሁ ዳማ ከሴ ስትጨምቁ ደቂቃ አታባክኑ። ማስታገሻ ሽሮፕም አይበቃም፤ የሚያድነው በጭኑ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። አጋድሙት፤ መተንፈስ ካስቸገረው ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ፣ ቀድሞ በደረሰው ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ምን እንደበላና ስንት ሰዓት እንደበላ ለሐኪሙ ንገሩ።